ምንም አልሆነም፣ ና ብቻ

«ገደልሽኝ እኮ። ያውም በሰኞ ቀን፤ ያውም ጾመኛ ናት ብዬ ስመርቅሽ ውዬ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆመው ያሉኝ ያልሞቱት ሴትዮ ናቸው። አማቴ፣ እማማ ፋጤ። በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ በርበሬ አስጥተው ከጎረቤት ዶሮ ጋር ሲጣሉ ትቻቸው ነው የወጣሁት። እኔ ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ገድያቸዋለሁ። ድንኳን አስተክያለሁ፣ መቃብር አስቆፍሬያለሁ፣ ከባቲ ድረስ አንድ አይሱዙ ሙሉ አልቃሽ አስጭኛለሁ። ሌላው ሰው ሲያጠፋ ብርጭቆ በመስበር ይጀምራል፤ እኔ በአማቴ ጀመርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ከነገርኳችሁም ትታዘቡኛላችሁ። ስለዚህ ልንገራችሁና አንድ ጊዜ ታዝባችሁኝ እንገላገል።

ከሰይድ ጋር ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል። ሰይድ የፍየል ነጋዴ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከከሚሴ ይወጣል፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውላል፣ ማክሰኞና ረቡዕ በዚያው በቆላው ሲዞር ቆይቶ ሐሙስ ፍየሎቹን ይዞ ይመጣል። ዓርብ ጁምዓ ነው፤ ከጁምዓ በኋላ ጫት ነው፤ ቅዳሜ ፍየሎቹን ሲሸጥ ይውላል፤ እሑድ ደግሞ ይሄዳል። ፍየሎቹ ባሌን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ደግሞ የሚገርመኝ፣ ሰይድ አንዲት ፍየል አውራ የምትፈልግበትን ቀን ጅራቷን አይቶ ብቻ ይናገራል፤ ተሳስቶ አያውቅም። እኔ ጅራት ስለሌለኝ ሦስት ዓመት ሙሉ በግምት ኖርን።

ልጅ አልመጣም። እማማ ፋጤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሌላዋ አማት የምራቷን ሆድ በዓይኗ እየለካች ትውላለች፤ የእኔዋ «አላህ በጊዜው ይሰጣል» ብለው ዝም ነው። እኔ ግን መጠበቅ የማልችል ሴት ነኝ። ባጃጅ እስኪሞላ ከመቀመጥ በእግሬ ሄጄ ላብ ብጠመቅ ይሻለኛል። የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ እስኪሞቅ እንኳ በጥፊ የምመታው እኔ ነኝ። አላህ በጊዜው ከሰጠ ጊዜው የትኛው ቀን ነው? ይህን ማወቅ ፈለግሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ ቀን እንዳለው አውቃለሁ።

በቤት የሚሠራ፣ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን የሚናገር የኦቩሌሽን መመርመሪያ እንዳለ በስልኬ አነበብኩ። ከሚሴ ፋርማሲ አይጠፋም፤ ግን ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ልጅ አብሮኝ የተማረ ነው። የራስ ምታት ኪኒን ገዝቼ ቤቴ ሳልደርስ እናቴ ደውላ «ራስሽን ምን ሆንሽ?» ያለችኝ ጊዜ አለ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሄድኩ፤ የማያውቀኝ አገር፣ ያውም ሴት የምትሸጥበት ፋርማሲ መርጬ ገባሁ።

ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፤ ችግሯ ድምጿ ነው። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፎ እያለ እንደ አስተማሪ አስረዳችኝ። የወር አበባዬ ከመጣበት ቀን ጀምሬ እንድቆጥርና በአሥራ አንደኛው ቀን እንድጀምር። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት እንዳልጠቀም፤ ቀትር አካባቢ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እንዲሆን። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ውኃ እንዳላበዛ። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው እኩል ከደመቀ፣ በአንድ ቀን ቢበዛ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እንቁላሉ ይወጣል ማለት ነው አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ያን ቀን ባልሽ ቤት ይኑር» አለች።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳለ። እኔ ዕቃዬን ይዤ ሮጥኩ።

የመጀመሪያው ወር ላይ ሁለተኛዋ መስመር መመርመር በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ታየችኝ። ቀጭን፣ የሞተች፣ በእርሳስ ተጽፋ በላጲስ የጠፋች የምትመስል። እኔ መስመር መስመር ነው ብዬ ሰይድን ከባቲ መንገድ አስቀረሁት። ሦስት ቀን ቤት ዋለ። እማማ ፋጤ ልጃቸው የታመመ መስሏቸው የአጃ ሾርባ ሲያጠጡት ሰነበቱ። በኋላ ከማሸጊያው ላይ ደግሜ ሳነብ የደበዘዘ መስመር እንደማይቆጠር ገባኝ። ለካ የእርግዝናው መመርመሪያ ነው በደበዘዘውም የሚያምነው፤ ይኼኛው እኩል ካልደመቀ አያምንም። ለሰይድ አልነገርኩትም። ሾርባው ተስማምቶታል።

በሁለተኛው ወር መስመሯ እንደ ኩል ጠቆረች፤ ግን ማክሰኞ ነበር፣ ሰይድ ቆላ ነው። ደውዪለት ትሉኝ ይሆናል። የሰይድን ስልክ አታውቁትማ። አንዲት ፍየል ረግጣው ከዚያ ወዲህ ጆሮ ላይ አይሰማም፤ የሚሠራው በላውድስፒከር ብቻ ነው። እኔ ከሚሴ ሆኜ የምናገረውን የባቲ ገበያ እኩሌታው ይሰማል። አንድ ጊዜ ጨው አልቋል ብዬው፣ ሰይድ እስኪመለስ አራት ነጋዴ በየተራ «ጨው እንዳትረሳ» ብሎታል። ጽፌ እንዳልልክለት ደግሞ ሰይድ ፊደል አልቆጠረም፤ የሚያነብለት አያ ኡስማን ነው። አያ ኡስማን አጎቱ ነው፤ አብረው ነው የሚነግዱት፤ ሥልሳ ዓመት አልፎታል፤ የመጣ መልእክትን ሁሉ እንደ ጁምዓ ኹጥባ ጮክ ብሎ ያነባል። እንግዲህ በምን ልንገረው? ስልኩን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ቀኑ አለፈ። ወሩም አለፈ።

በሦስተኛው ወር የቀረኝ መመርመሪያ ጥቂት ነበር። ኮምቦልቻ ደውዬ ስጠይቅ ሴትዮዋ አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣም አላውቅም አለችኝ። ያን ጊዜ ለራሴ ማልኩ፤ በዚህ ወር መስመሯ በደመቀች ቀን ሰይድ ጨረቃ ላይ እንኳ ቢሆን እጠራዋለሁ አልኩ። ወላሂ ያልኩት ነገር አንድም ቀን ሳያዋርደኝ ቀርቶ አያውቅም።

ስለ ውኃው ልንገራችሁና ወደ ሰኞዋ ልሂድ። ከሚሴ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ውኃ ሳትጠጡ ለመቆየት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ያን ሰዓት ግድግዳው እንኳ ውኃ የሚለምን ይመስላል። የምርመራዬ ሰዓት ሰባት ነው፤ ለምሳ ቤት ስገባ። እማማ ፋጤ ደግሞ ደጃፍ ላይ ብርጭቆ ይዘው ነው የሚጠብቁኝ። አንድ ቀን እምቢ አልኩ፤ በማግስቱም እምቢ አልኩ። ሐሙስ ላይ ትክ ብለው አዩኝና የሱና ጾም፣ ያ ሰኞና ሐሙስ በፈቃድ የሚያዘውን፣ ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ውሸት አይደለም ብዬ ነበር። ነው።

ፊታቸው በራ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ጾመኛ ሆንኩ። ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ፤ የዛሬ ልጆች ከነስልካቸው ሲጠፉ የእኔዋ ሱና ትይዛለች አሉ። ማታ ማታ ቴምር ቆጥረው ያስቀምጡልኝ ጀመር። የጾመኛ ዱዓ ተቀባይ ነው ብለው ለጉልበታቸው ዱዓ አስደረጉኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ መሐል ብስኩት በሻርፔ ደብቄ ሽንት ቤት ውስጥ እየበላሁ ነበር። ሽንት ቤት ቆሞ ብስኩት የበላ ሰው ስለ ክብር ማውራት የለበትም፤ እኔም አላወራም።

ሰኞ መጣች። የቀረኝ መመርመሪያ አንድ። በማር ብልቃጥ ክዳን ሽንቴን ይዤ፣ በሻርፔ ሸፍኜ ከሽንት ቤት ወጣሁ፤ መኝታ ቤት ገብቼ መመርመሪያውን ነክሬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ደቂቃ ጠብቂ ይላል። እኔ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አልጋውን ሁለት ጊዜ አነጠፍኩ። ሳየው ሁለት መስመር፤ ሁለቱም ድቅድቅ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

መጀመሪያ ቤቱን ማስለቀቅ አለብኝ አልኩ። እማማ ፋጤ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ የድሮ ቤት አላቸው፤ ከባላቸው የቀረ፤ አሁን ማሽላ ያስቀምጡበታል። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚተኙት፤ ሰይድ እንኳ ነክቶት አያውቅም። ማሽላው ነቅዟል የሚል ወሬ ከጨፋ ሰው ሰማሁ አልኳቸው። ሰምተው ሳይጨርሱ ተነሡ። ስልክዎን ይያዙ ብላቸው ያ ነገር ጆሮ ያደነቁራል አሉ፤ ትተውት በባጃጅ ሄዱ። ሲወጡም፣ ጾም ሆነሽ ለእኔ ማሽላ ትጨነቂያለሽ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። የዚያን ጊዜ መሬት ብትከፈት ራሴ ዘልዬ እገባባት ነበር።

ከዚያ ደወልኩ። ሰይድ አነሣ። ከጀርባው ፍየል ይጮኻል፣ ሰው ይጮኻል። መስማት የሚችሉትን ጆሮዎች ሁሉ አሰብኳቸው።

«ሰይዶ፣ ቶሎ ና» አልኩት።

«ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆነም። ና ብቻ።»

ፍየሏ ዝም አለች መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እናቱ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ናቸው አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ከሐፍረት ነው። ደህና ናቸው፣ አንተ ብቻ ና አልኩ።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። አባቱ የሞተበት ሰው «ትንሽ አሞት ነው፣ ና» ተብሎ ነው የሚጠራው። ቤቱ ሰው ሳይሞት በዚህ ቃል የተጠራ የለም። «ደህና ናት፣ ና ብቻ» የተባለ ልጅ ከፈን ገዝቶ ነው የሚነሣው። እኔስ ይህን አጥቼው ነው? የራሴን አያት ሞት የሰማሁት እንደዚሁ «ምንም የለም፣ ነይ» ተብዬ ነው። ግን ሰው መስመር ሲያይ ሌላው ሁሉ ይጠፋዋል።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አያ ኡስማን ነው፤ በራሱ ስልክ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ንገሪኝ፤ ነገሩ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አያ ኡስማን፣ በስልክ የሚነገር አይደለም» አልኩት።

 ከዚያ «ዛሬውኑ መድረስ አለበት ማለት ነው» አለ። አዎ፣ ዛሬ ካልደረሰ ዋጋ የለውም አልኩ፤ ሽማግሌ ነው፣ ነገር ይገባዋል ብዬ። ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ብሎ ዘጋው። እኔ ስለ ደከመው መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ሰይድ በመሐል የእናቱን ስልክ ደጋግሞ ደወለ። ስልኩ እዚያው መደብ ላይ ተኝቶ ይጮኻል፤ የሰይድ ስም ይበራበታል። ባነሣው ምን ልለው ነው? አላነሣሁትም። የእናቱ ስልክ ሰባት ጊዜ ጠርቶ ያልተነሣለት ልጅ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠረው ምን አለ?

እኔ ታጠብኩ። ለሰርግ ዘመድ ያመጣልኝን ሽቶ ረጨሁ፤ አዲሱን ቀሚስ ለበስኩ፤ ጆሮዬ ላይ ወርቅ አንጠለጠልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጅ ዋይታ ሰማሁ። ወጣ ስል ጎረቤቴ ዘሀራ ሻርፗን በወገቧ አስራ፣ ከኋላዋ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስከትላ እየመጣች ነው። ለካ አያ ኡስማን ከመንገድ ላይ ለሼህ ይመር ደውሎ፣ ፋጤ አርፋለች፣ ሳይመሽ እንድንቀብር መቃብር ይቆፈር ብሏቸዋል። ሼህ ይመር የቅሬያችን ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረን፣ ድንኳን የሚተክልልን የሰፈር ማኅበር ነው። ሞት ሲነገራቸው እውነት ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። ማን ይጠይቃል?

ዘሀራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እማማ ፋጤን! እማማ ፋጤን!» ትላለች።

እዚህ ላይ ማንም የማያምነኝን ነገር ልንገራችሁ። አመንኩ። ወሬው ከእኔው አፍ ወጥቶ ባቲ ደርሶ፣ ባቲ ላይ አድጎ ተመልሶ ሲመጣ አላወቅሁትም። በዚያ ሐሩር ጨፋ የሰደድኳቸው እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ወድቀው ይሆናል፤ ባጃጁ ተገልብጦ ይሆናል አልኩ።  መሬት ላይ ተቀምጬ፣ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እኔ ነኝ» እያልኩ ጮኽኩ። ሴቶቹ እንዲህ አይባልም፣ ቀኗ ደርሶ ነው እያሉ አፌን ያዙኝ፤ ወርቄን ከጆሮዬ አወለቁ፤ አንዷም በቀስታ የምን ሽቶ ነው አለች።

ድንኳኑ ተተከለ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ወጡ። አሥር ሰዓት ላይ አይሱዙው ጥሩምባውን እየነፋ መጣ፤ ሰይድ ላይኛው ፍርግርግ ላይ ቆሞ ራሱን ይመታል። ሰይድ ከእኔ ጋር የሚያወራው በአማርኛ ነው፤ ለቅሶ ግን በጡት ቋንቋው በኦሮምኛ ነው። «ሐርሜ ኮ! ሐርሜ ኮ!» ይላል፤ እናቴ፣ እናቴ ማለት ነው። ከሥሩ የባቲ ነጋዴዎች አሉ፤ ከነጋዴዎቹ ሥር የዕለቱ ፍየሎች አሉ፤ ሁሉም ይጮኻሉ። ሰይድ ዘሎ ወረደና አስከሬኑ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ጨፋ ናቸው አልኩት፤ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። አያ ኡስማን ሞተሩ ሳይጠፋ ጨፋ ሄደን እናምጣት አለ።

ይህን ሲል አንዲት ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ለእማማ ፋጤ ጨፋ ላይ የነገራቸው ሰው ደግሞ የአገሩን ወግ ጠብቆ ነው የነገራቸው። ቤትሽ ድንኳን ተተክሏል ተብሎ ተደውሏል፣ ምንም አልሆነም፣ ሂጂ ብቻ ብሏቸዋል። ሌላ ማን አላቸው? ሰይድ ብቻ ነው ያላቸው። መኪና ላይ ነው የሚውለው። እንግዲህ ከባጃጇ ሲወርዱ «ኢልመ ኮ! ኢልመ ኮ!» እያሉ ነው፤ ልጄን፣ ልጄን። ሻርፓቸው ወድቋል፤ ጫማቸው አንድ እግር ነው።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። የፊቶቹ ዝም አሉ፤ የኋላዎቹ ስላላዩ ያለቅሳሉ። ሰይድ እናቱን አየ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደና የድንኳኑ ገመድ ጠልፎት በጀርባው ወደቀ። እማማ ፋጤ የወደቀውን አይተው በቃ ሬሳው ይኼ ነው ብለው ላዩ ላይ ተደፉ። ሬሳው አቀፋቸው። ከዚያ በኋላ የነበረው ጩኸት ለቅሶ ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ ማንም አልለየውም። እኔም ሄጄ እግራቸውን ይዤ አነባሁ፤ እንባዬ እውነት ነበር።

እንግዲህ ሰው ሲረጋጋ ይጠይቃል። ሼህ ይመር ሁሉንም ድንኳን ውስጥ አስቀመጡ። ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። እኔን መሐል አቆሙኝ። በቁጣ አይደለም፤ በዚያ በለስላሳ ድምፃቸው ነው፣ እሱ ነው የሚያስፈራው።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው ማሳውን ጥሎ፣ ገበያውን በትኖ መጥቷል። ለምን እንደተጠራ የመስማት ሐቅ አለው» አሉ።

ሕልም አይቼ ነው አልኩ። መጥፎ ሕልም፣ በእማማ ፋጤ ላይ። አያ ኡስማን ከተቀመጠበት ሆኖ፣ በቀትር ነው የተኛሽው ብሎ ጠየቀ። እማማ ፋጤም ቀና አሉ፤ ማሽላው እንዳልነቀዘ፣ የጨፋ ሰው ማንም ነቅዟል እንዳላለ ተናገሩ። ጾም ሆና የእኔን ሞት ታልማለች አሉና ወደ እኔ ዞረው ያቺን ከላይ የጻፍኳትን ተናገሩ። ገደልሽኝ እኮ። ያውም በሰኞ ቀን፤ ያውም ጾመኛ ናት ብዬ ስመርቅሽ ውዬ። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። 

በዚህ መሐል ነው ዘሀራ ከቤት የወጣችው። ሴቶቹ ለባቲ እንግዶች ማረፊያ ሊያዘጋጁ መኝታ ቤቴ ገብተው መስኮቱን ሲጠርጉ አገኙት። ዘሀራ መመርመሪያውን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ፣ ሁለቱን መስመር ለሕዝብ እያሳየች፣ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ነፍሰ ጡር ናት! ሁለት መስመር! ጤና ጣቢያ ያየሁት ነው!»

ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። አያ ኡስማን ታዲያ ይኼ በስልክ አይነገርም ነበር ወይ ብሎ ሳቀ። ሰይድ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እማማ ፋጤ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ፤ እንባቸው በጣቶቻቸው መሐል ይወርዳል። «አልሐምዱሊላህ፣ ልሙትልሽ» አሉ፤ ያን ሁሉ ያሉኝ ሴትዮ።

ወላሂ ለአፍታ ያህል ዝም ልበል ብዬ ነበር። ዝም ብል አልቋል። ሕዝቡ ደስ ብሎት ይበላል፣ ይሄዳል፤ እኔም ከድንኳኑ እንደ ንግሥት እወጣለሁ። ነገሩ ከወር በኋላ ይታያል። ግን እነዚያን እጆች አየኋቸው። በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ገድያቸዋለሁ፤ በወሩ ደግሞ ልድገማቸው?

«አይደለም» አልኩ። «ገና ነው።»

እልልታው ከግራ በኩል እየቀነሰ መጥቶ ቆመ። ዘሀራ መመርመሪያውን አገላብጣ አየችው።

«ይኼ የእርግዝና አይደለም። ቀኑን ነው የሚያሳየው። ሰይድ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ በሦስት ዓመት አንድም ቀን አልገጠመልንም። ዛሬና ነገ ነው ቀኑ። ከነገ ወዲያ ያልፋል። ለዚያ ነው የጠራሁት። ጾመኛም አይደለሁም፤ ውኃ ያልጠጣሁት ለዚሁ ነው።»

ይህን ሁሉ ያልኩት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ የቅሬ ዳኛ ፊት፣ የባቲ ነጋዴ ፊት ነው።  ከውጭ የፍየሎቹ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰይድ ፊቱን በፎጣው ሸፍኗል፤ የሚታየኝ ጆሮው ነው፤ ጆሮው ቀልቷል።

ሼህ ይመር ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ይወርድብኛል ብዬ የጠበቅሁትን ተግሣጽ አላወረዱም። የከፋውን አደረጉ። እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ድንኳኑም አብሮ ዘረጋ።

«ያ አላህ፣ ለለቅሶ መጥተን ለቅሷችንን በሳቅ ለወጥክልን፤ ደስ አሰኝተኸናል።»

«አሚን» አለ ሕዝቡ።

«የተቆፈረውን መቃብር ለፋጤ በረጅም ዕድሜ ድፈነው።»

«አሚን።»

«ይህችን ልጅ ባሰበችው ሰዓት፣ ላሰበችው ነገር አሳካላት።»

ወንዱም ሴቱም፣ የአይሱዙው ሹፌር ሳይቀር፣ ከቀኙ ሁሉ ጎልቶ ደግሞ አያ ኡስማን፣ «አሚን» አሉ። ሰው በሚስጥር የሚያደርገውን ነገር ድንኳን ሙሉ ሕዝብ አሚን ሲልበት ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁኛላችሁ። ካልሰማችሁ አላህ አያሰማችሁ።

ከዚያ ሰዉ ተነቃነቀ። ከመጣን አይቀር ብለው ከአይሱዙው ሁለት ፍየል አወረዱ፤ ለእማማ ፋጤ ሰደቃ ይሁን ተባለ። ቢላ ተሳለ፣ ጫት መጣ። ቤቴ ውስጥ የባቲ ሴቶች አልጋዬ ላይ ጎናቸውን አሳርፈዋል፤ አንዷ አንሶላው ሽቶ ሽቶ ይላል ስትል ሰማሁ። እንግዶቹ እስከ ረቡዕ እንደሚቆዩ ነገሩኝ። ከሦስት ወር ቆጠራ፣ ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ ሰይድ አጠገቤ ነው፤ ቀኑም ዛሬ ነው፤ ቤት ግን የለንም። ጓዳው በር ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ልቅሶ እንኳ አልመጣልኝም።

እማማ ፋጤ መጡ። አንድ እግር ጫማቸው አሁንም የለም። ምንም ሳይሉ አንገታቸው ላይ ያለውን ክር በራሳቸው ላይ አውጥተው የጨፋውን ቤት ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጡ፤ መዳፌንም በእጃቸው ዘጉት።

«ማሽላው እንዳልነቀዘ እኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ሄደሽ እዪልኝ» አሉ፣ ለድንኳኑ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰይድም ይከተልሽ። ጆንያ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል።»

ድንኳኑ ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። ከወንዶቹ በኩል የአያ ኡስማን ድምፅ፣

«ሰይድ፣ ተነሥ እንጂ፤ ሰምተሃል አይደል?» አለ።

ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ውጭ ያቺው ባጃጅ ቆማለች። በወንዶቹና በሴቶቹ መሐል፣ እግሬን ሳነሣ እያስተዋልኩ፣ ገመዱን ተራምጄ ወጣሁ፤ ለሹፌሩም «ጨፋ» አልኩት።